ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ፦ ስለ ፒራኔዚ ለቀረቡት አራት ክሶች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። ስለዚህ ሰው በአማርኛ መጻፉ በራሱ ደስ ይላል፤ ለዚህ ጸሐፊውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ፍርዱ ግን ከብዶኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጥንቷን ሮም ፍርስራሽ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ያተመው ይህ ሰው በጽሑፉ ውስጥ አራት ክስ ቀርቦበታል። አንደኛ፣ የሕንጻዎቹን መጠን እየለወጠ ዋሽቷል፤ ስለዚህ ሥራው ለማስረጃነት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ለሀብታም ጎብኚ የማስታወሻ ሥዕል የሚቸረችር ነጋዴ እንጂ ተመራማሪ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ኤቺንግ (መዳብን በአሲድ እያስበሉ ቀርጾ ማተም) ሥዕል ማባዣ ዘዴ ስለሆነ ሠሪው ከሠዓሊ እኩል ሊቆጠር አይገባም። አራተኛ፣ ግሪኮችን ሳያውቅ የናቀ የሮም ጠበቃ ነበር።

እኔ ሥራዬ ሕትመት ነው። መዳብ ሳለሰልስ፣ ሰም ስቀባ፣ ሰሌዳ አሲድ ውስጥ ስነክር የምውል ሰው ነኝ፤ ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ክሶቹን በተራ አያቸዋለሁ፤ እውነት ያለበትንም እውነት ነው እላለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። ጸሐፊው ሥዕሎቹን አይቷል፤ ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ ግን አላነበበም። በፒራኔዚ ሰሌዳዎች ላይ ድንጋዮቹ ፊደልና ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከሥር ደግሞ የፊደሎቹ መፍቻ አለ፤ ይህ ጥንታዊው ግንብ ነው፣ ይህ በኋላ ዘመን የተጨመረ ነው፣ ይህ ወደ እገሌ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ነው እያለ ይዘረዝራል። ከአራቱ ክሶች የሚበዙት የተወለዱት ይህን ጽሑፍ ከመዝለል ነው።

ሰውየውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ፒራኔዚ በ1720 በቬኒስ አቅራቢያ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የድንጋይ ግንብ ሠራተኛ ነበር። አጎቱ ማቴኦ ሉኬዚ ደግሞ የቬኒስን ውኃ በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ውስጥ መሐንዲስ ነበር። በ1740 ከቬኒስ አምባሳደር ጓዝ ጋር በንድፍ ሠሪነት ሮም ገባ፤ ጥቂት ጊዜ ወደ ቬኒስ ከመመለሱ በቀር ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ኖረ፤ በ1778 እዚያው ሞተ። ራሱን «የቬኒስ አርክቴክት» እያለ ይፈርም ነበር። የገነባው ነገር ግን በአቬንቲን ኮረብታ ላይ ካለችው፣ ዛሬ መቃብሩ ካለባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አያልፍም። የተቀረውን የገነባው በመዳብ ላይ ነው፤ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰሌዳዎች።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ። ጸሐፊው ዋና ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው በሮም ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን የሴፕቲሚየስ ሴቬረስን የድል ቅስት ነው። በፒራኔዚ ሥዕል ላይ ቅስቱ አጭርና ደፍጠጥ ያለ ነው፤ በዛሬ ፎቶግራፍ ላይ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ እንግዲህ ሰውየው ያየውን ሳይሆን የመሰለውን ነው የሣለው ይለናል።

ይህን ሳነብ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ203 የቆመው ያ ቅስት ቁመቱ 21 ሜትር ገደማ ነው። ፒራኔዚ በቆመበት ዘመን ግን እስከ ወገቡ ድረስ አፈር ውጦት ነበር። የሮማውያን ሸንጎና ገበያ የነበረው ፎረም በዚያን ጊዜ ስሙ እንኳ ተለውጦ «ካምፖ ቫቺኖ»፣ ማለትም የላም መስክ ይባል ነበር። ከብት ይሰማራበታል፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ጋሪ ይቆምበታል። በቅስቱ ዙሪያ ያለው አፈር የተነሣው ፒራኔዚ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጳጳሱ ፒየስ 7ኛ ዘመን ካርሎ ፌያ ባስቆፈረው ቁፋሮ ነው። ጸሐፊው ውሸት ያለው ሥዕል እንግዲህ መሬቱ የት ድረስ ከፍ ብሎ እንደነበር የሚነግረን የዓይን ምስክር ነው። የዛሬው ፎቶ ያንን ሊነግረን አይችልም።

ተመሳሳዩን ነገር ከካፒቶል ኮረብታ ሥር በቆሙት ሦስት ዐምዶች ላይ እናያለን። ፒራኔዚ በዘመኑ አጠራር «የነጎድጓዱ ዩፒተር ቤተ መቅደስ» ይላቸዋል፤ ዛሬ የቬስፓዢያን ቤተ መቅደስ እንደሆኑ ይታወቃል። በሥዕሉ ላይ የዐምዶቹ ግንድ ከሞላ ጎደል ተቀብሮ ጉልላታቸው፣ ማለትም የተቀረጸው የዐምዱ ራስ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይታያል። ከጎናቸው የቆሙት ሰዎች ለድንጋዩ ቅጠል ጉንጉን ቅርብ ናቸው፤ ከላይ ባለው ተሸካሚ ድንጋይ ላይ ደግሞ ከተሰበረ ጽሑፍ የተረፉ የላቲን ፊደላት ይነበባሉ። ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ጉልላቶቹን የግዙፍ ሰው ሥራ አድርጎ ይገምታቸዋል፤ መጠናቸው ያስፈራል። ግን ምንም አልተጋነነም። አሥራ አራት ሜትር ሽቅብ አንጋጦ ብቻ ሊታይ የተሠራ ጉልላት በሰው ዓይን ትይዩ ሲመጣ እንዲያ ነው የሚመስለው። ዐምዶቹ ተቆፍረው የወጡት ፈረንሳዮች ሮምን በያዙበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅርበት ያገኘ ጎብኚ የለም።

ይህን ስል ፒራኔዚ ፈጽሞ አላጋነነም ማለቴ አይደለም። አጋንኗል። የሚቆምበትን ቦታ ዝቅ ያደርጋል፤ ሰዎቹን ቀጭንና ትንሽ አድርጎ ያስገባል፤ በአንድ እይታ ዓይን ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስፋት አንድ ወረቀት ላይ ያመጣል። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ ሮምን በአካል ሲያይ ፒራኔዚ ስለ መታጠቢያ ቤቶቹ ፍርስራሽ ያሳየው ነገር ከእውነቱ እንደሚበልጥ አስተውሎ ጽፏል። ይህን አልክድም። የሐድሪያን መካነ መቃብር ከሥሩ ምን ዓይነት መሠረት እንዳለው ያሳየበትን ዝነኛ ሰሌዳም አልከላከልለትም። ማንም ያላየውን ከመሬት በታች ያለ ግንብ እንደ ተራራ አቁሞታል፤ ግምት ነው፣ ያውም የበዛ ግምት።

ነገር ግን አንድ ሰው የት ላይ እንዳጋነነ ለይቶ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አጋንኗልና ሁሉም ውሸት ነው ማለት ሌላ ነው። በ1756 ያሳተመውን «ሌ አንቲኪታ ሮማኔ» የተባለውን ሥራ እንመልከት። አራት ትልልቅ ጥራዝ ነው፤ ወደ 250 ሰሌዳ አለው። ከጥራዞቹ ሁለቱ ስለ መቃብሮች ናቸው። በዚያ ውስጥ በአፒያ መንገድ ላይ ላለው ለሴሲሊያ ሜቴላ መቃብር የተሰጡትን ሰሌዳዎች ተራ ጎብኚ ገዝቶ ግድግዳው ላይ አይሰቅላቸውም፤ ምክንያቱም አንዱ ሰሌዳ የሚያሳየው ድንጋይ ማንሻ ብረት ነው። ከድንጋዩ አናት ላይ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ይፈለፈላል። ሁለት ጎናቸው የሰፋ ብረቶች ግራና ቀኝ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ሦስተኛው ቀጥ ያለ ብረት ሲሰካ ሁለቱን ወደ ጎን ይገፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ገመድ በሳበው ቁጥር ብረቱ ይበልጥ ይነክሳል፤ ድንጋዩም በገዛ ክብደቱ ተቆልፎ ይነሣል። ፒራኔዚ ብረቶቹን ለየብቻ፣ ከዚያም ተገጣጥመው፣ ከዚያም ድንጋዩ ውስጥ ገብተው ያሳየናል። ይህን የሚሥለው የድንጋይ ሠራተኛ ልጅ ነው። የጥንት ሰዎች ይህን እንዴት አነሡት ብሎ የጠየቀና በጉድጓዱ ውስጥ እጁን ከትቶ መልስ የፈለገ ሰው ነው።

በ1762 ደግሞ የአልባኖን ሐይቅ ውኃ ለማስተንፈስ ሮማውያን ተራራ ሰንጥቀው የቆፈሩትን ዋሻ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቷል። ዋሻው 1,400 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሥራው ውስጥ የመግቢያው ግንብ፣ የዋሻው ሽንጥ ከጎን ተቆርጦ ሲታይ፣ ቆፋሪዎቹ አፈር ያወጡበት ቀዳዳ ሁሉ በልኩ ተቀምጧል። አጎቱ የውኃ መሐንዲስ እንደነበር አስታውሱ።

ለክሱ ጠንካራው ማስረጃ ሊሆን የሚችለውን ግን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው፤ እኔ ላንሣለት። በዚያው በ1762 የወጣው «ካምፖ ማርዚዮ» የጥንቷን ሮም አንድ ሰፈር በትልቅ ካርታ ያሳያል። በስድስት ሰሌዳ የታተመ፣ ሲገጣጠም ከአንድ ሜትር በላይ የሚሰፋ ካርታ ነው። በውስጡ ያሉት ቤተ መቅደሶች፣ የእግር መንገዶችና መቃብሮች በአብዛኛው ፒራኔዚ ከራሱ አመንጭቶ ያሰፈራቸው ናቸው። ማንም አርኪዮሎጂስት ዛሬ ያንን ካርታ ይዞ አይቆፍርም።

ታዲያ አታለለን? መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገልጣችሁ እዩት። ከካርታው በፊት የዚያኑ ሰፈር ሌላ ሥዕል አለ። በዚያ ሥዕል ላይ የዘመኑ ከተማ በሙሉ ተነሥቷል፤ ባዶ መሬት ላይ የቀሩት በእርግጥ የተረፉት ጥንታዊ ፍርስራሾች ብቻ ናቸው፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። በእጄ ያለው ይህ ነው ብሎ አሳይቶናል ማለት ነው። ትልቁን ካርታ ደግሞ በተሰበረ የእብነ በረድ ሰሌዳ ላይ እንደተቀረጸ አድርጎ ነው የሣለው። ይህ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። በ200ዎቹ መጀመሪያ በእውነተኛ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ፣ 18 በ13 ሜትር የሚያህል የሮም ካርታ ነበር፤ ስብርባሪው በ1562 ተገኝቷል። ፒራኔዚ እነዚያን ስብርባሪዎች ቀደም ሲል አንድ በአንድ ቀርጿቸው ነበር። ስለዚህ የገዛ ካርታውን በዚያው መልክ ሲያቀርበው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ እየነገረን ነው። ለስኮትላንዱ አርክቴክት ለሮበርት አዳም በጻፈው መግቢያ ላይም ሰዎች ይህን ያለ ማስረጃ ከምናቡ የፈጠረው ነው እንዳይሉት እንደሚሰጋ በግልጽ አስፍሯል።

በእኛ ዘንድ የአንድምታ መምህር ንባቡን ካነበበ በኋላ «አንድም» ብሎ ትርጓሜውን ይቀጥላል። ተማሪው የትኛው የመጽሐፉ ቃል፣ የትኛው የሊቃውንቱ ሐተታ እንደሆነ ይለያል። «አንድም» የሚለውን ቃል ዘልሎ ሐተታውን እንደ ንባብ የያዘ ተማሪ መምህሩን ዋሸኝ ብሎ ሊከስ አይችልም። የካምፖ ማርዚዮ ነገርም ከዚህ አይለይም።

ሁለተኛው ክስ ብዙ አያቆየንም። አዎ፣ ፒራኔዚ ነጋዴ ነበር። የሮምን እይታዎች እያንዳንዳቸውን በዘመኑ የሮም ገንዘብ በሁለት ተኩል ፓዎሎ ይሸጥ ነበር፤ የአንድ ስኩዶ ሩብ መሆኑ ነው። ከ1761 ጀምሮ ማተሚያውንም መሸጫውንም ቶማቲ በተባለ ሕንጻ ውስጥ አድርጎ የሥራዎቹን ዝርዝር ከነዋጋቸው ራሱ ቀርጾ ያሰራጭ ነበር፤ አዲስ ሥራ ሲጨምር በዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ይጨምረዋል። ገዢዎቹ በአብዛኛው ጣሊያንን ሊያዩ የሚመጡ የእንግሊዝና የሌላ አገር መኳንንት ልጆች ነበሩ። ታዲያ ምን ይጠበስ? የዚያ ዘመን ሠዓሊ ሁሉ ለገዢ ነበር የሚሠራው፤ ለንጉሥ፣ ለካርዲናል፣ ለገዳም። ይኼ ሰው ግን አንድ ትልቅ ጌታ ደጅ ከመጥናት ብዙ ትናንሽ ገዢ ማግኘትን መረጠ፤ በዚያ ገንዘብም የድንጋይ ማንሻ ብረትና የተቀበረ ዋሻ የሚያሳዩ፣ ማንም ለማስታወሻ የማይገዛቸውን መጻሕፍት አሳተመ።

ከጌቶች ጋር የነበረውን ነገር ካነሣን የሎርድ ቻርልሞንትን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ይህ የአየርላንድ ባላባት «ሌ አንቲኪታ ሮማኔ» አንድ ጥራዝ ይሆናል ተብሎ በታሰበ ጊዜ ሊደግፈው ቃል ገብቶ ነበር። ሥራው እየሰፋ አራት ጥራዝ ሲሆን ድጋፉ ጠፋ፤ የፒራኔዚ ደብዳቤም መልስ አጣ። ፒራኔዚ በ1757 ደብዳቤዎቹን አሳትሞ አወጣቸው፤ ከመጽሐፉ መግቢያ ሥዕል ላይም የሎርዱን ስምና የቤተሰቡን ዓርማ ከመዳቡ ላይ ፍቆ አጠፋ። ሮማውያን የተጠላ ንጉሥ ስም ከሐውልት ላይ ሲፍቁ እንደነበረው መሆኑ ነው። እኔ በዚህ ውስጥ የማየው ሥራው ለማን እንደሚሰጥ የመወሰን መብት የእኔ ነው የሚል ሰው ነው። ቸርቻሪ ደንበኛውን እንዲህ አያሳፍርም።

ሦስተኛው ክስ ላይ ስደርስ ትንሽ ልቆይ፤ የእኔ ጉዳይ ነውና። ኤቺንግ ማባዣ ነው የሚለው አባባል ሰሌዳ በእጁ ይዞ ከማያውቅ ሰው የሚመጣ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። ሞቅ ተደርጎ ሰም፣ ሙጫና ሬንጅ የተቀላቀለበት ልባስ በስሱ ይቀባል። ከዚያ ተገልብጦ በጧፍ ጭስ ይጠቁራል። ሠሪው በመርፌ ልባሱን ሲጭረው የመዳቡ ቀይ ከጥቁሩ ውስጥ ብልጭ ይላል። ሰሌዳው ናይትሪክ አሲድ ሲፈስበት አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል፤ በመስመሮቹ ላይ የሚወጡትን ጥቃቅን አረፋዎች በላባ ጫፍ እየጠረጉ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መስመሩ ይቆራረጣል። ሥዕሉ ሲታተም ግራው ቀኝ ስለሚሆን ሁሉ ነገር፣ ጽሑፉም ጭምር፣ ተገላብጦ ነው የሚሠራው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ሰሌዳ አሲድ ውስጥ ረስቼ ሩቅ ያለው ሰማይ ከፊት ካለው ግንብ እኩል ጠቁሮ ወጥቶብኝ ያውቃል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ፒራኔዚ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደተራቀቀ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳውን ለጥቂት ጊዜ ካስነከሰ በኋላ ሩቅ ያሉትን መስመሮች በቫርኒሽ ይሸፍናል፤ የቀረውን እንደገና ያስነክሳል። ደግሞ መሐል ያለውን ሸፍኖ የቅርቡን ያስነክሳል፤ ደግሞ እንደገና። ከፊት ያለው የግንብ ጥላ በመጨረሻ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። በመጀመሪያዎቹ ሕትመቶች ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ይታያል፤ ጎን ለጎን ብርሃን ሲያርፍበት የራሱ ጥላ አለው። የተሰነጠቀ ድንጋይ የሚያሳየው መስመር ራሱ የተሰነጠቀ መዳብ ውጤት ነው። ዘይት ቀለም ይህን አያደርግም።

ሙያውን ያስተማረው ጁዜፔ ቫዚ ነው። ቫዚም ሮምን በአሥር ጥራዝ ያሳተመ ጎበዝ ሰው ነው፤ ሥዕሎቹ ብሩህ፣ የተረጋጉ፣ ትክክለኛ ናቸው። ለተማሪው «አንተ ለዚህ ሙያ ከሚገባው በላይ ሠዓሊ ነህ» ብሎት ነበር ተብሎ ይተረካል። ሁለቱ የሣሉትን አንድ ቦታ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። ቫዚ ሕንጻው የት እንዳለ ይነግረናል። ፒራኔዚ ድንጋዩ ምን ያህል ዘመን ዝናብ እንደመታው ያሳየናል፤ የበቀለበትን ቁጥቋጦ፣ ብረቱ ተነቅሎ የቀረውን ቀዳዳ፣ ልስኑ ወድቆ የታየውን ጡብ።

ከሌላ ሰው ሥዕል ላይ የሚገለብጥ ማባዣ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መነሻ ሥዕል ያስፈልገው ነበር። የፒራኔዚ ንድፎች ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት የፈጠኑ ጭረቶች ናቸው፤ የተቀረው በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ነው የተወለደው። በ1740ዎቹ መጨረሻ ያወጣቸውን «ካርቼሪ» የተባሉ 14 የእስር ቤት ምናባዊ ሥዕሎች በ1761 እነዚያኑ ሰሌዳዎች እንደገና አንሥቶ አጠቆራቸው፤ ሁለት አዳዲስ ጨምሮ 16 አደረጋቸው። በመጨረሻው ላይ «እያደገ ለሚሄድ ድፍረት ማስፈራሪያ» የሚል የላቲን ቃል ቀረጸበት። ቃሉ የሮም ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ ከጥንት ሮም ነገሥታት አንዱ እስር ቤት በከተማዋ መካከል ስለ ማነጹ ከጻፈው የተወሰደ ነው። እንግዲህ በቅዠት የተሞሉት ሥዕሎች እንኳ ከጥንቱ ታሪክ ጋር የተቋጠሩ ናቸው። ያንንም ቋጠሮ የምናገኘው በድንጋይ ላይ የተጻፈውን ስናነብ ነው።

አራተኛው ክስ ግማሹ እውነት ነው። በ1758 ፈረንሳዊው ጁልየን ዳቪድ ለሯ የግሪክን ሐውልቶች የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ፤ የጥበብ ምንጭ ግሪክ ናት፣ ሮማውያን ቀጂዎች ናቸው የሚለው አስተሳሰብም በረታ። ፒራኔዚ በ1761 በመለሰው መጽሐፍ ሮማውያን ግንባታን የተማሩት ከግሪክ ሳይሆን ከሮማውያን በፊት በጣሊያን ከነበሩት ከኤትሩስካውያን ነው አለ፤ የውኃ መውረጃውን፣ የውኃ ድልድዩን፣ መንገዱን ምስክር አድርጎ ጠራ። በአንዱ ሰሌዳ ላይ የለሯን የዐምድ ጉልላት ሥዕል እንዳለ ገልብጦ በመካከል አስቀመጠው፤ በዙሪያው የሮማውያንን የተንቆጠቆጡ ጉልላቶች ደረደረበት። የክርክር ስልቱ ኃይለኛ ነው፤ ታሪኩ ግን አይቆምም። ሮማውያን ከግሪክ ብዙ ወስደዋል፤ ፒራኔዚ ግሪክን በዓይኑ አላየም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

«ናቀ» የሚለው ላይ ግን አንገናኝም። ፈረንሳዊው ማሪየት በ1764 ሲነቅፈው በማግሥቱ ዓመት በሰጠው መልስ ክርክሩ ተቀይሯል። ጥያቄው ማን ቀደመ ከሚለው ወጥቶ የዛሬ ሠሪ ለምን በአንድ ሕግ ይታሰራል ወደሚለው ሄዷል። ከግሪክም፣ ከግብፅም፣ ከኤትሩስካውያንም ወስዶ የራሱን የመሥራት ነጻነት ነው የጠየቀው። ንቀት የያዘው ሰው ደግሞ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ያደረገውን አያደርግም።

በ1777፣ በ57 ዓመቱ ገደማ፣ ልጁን ፍራንቼስኮን ይዞ ከኔፕልስ በስተደቡብ ወዳለችው ፔስቱም ወረደ። ፔስቱም ግሪኮች የመሠረቷት ከተማ ናት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሦስት የዶሪክ (ወፍራም ዐምድ ያለው የግሪክ የግንባታ ስልት) ቤተ መቅደሶች ቆመውባታል። በዚያ ዘመን ቦታው ረግረግ ነበር፤ የወባ አገር ነው።

ፔስቱምን ካነሣሁ አይቀር ለእኛ የሚቀርብ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በ1763 እነዚህኑ ቤተ መቅደሶች ሥሏቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ንድፍ ሠሪ ቀጥሮ በሰሜን አፍሪካ ያሉትን የሮማውያን ፍርስራሾች አብረው ሣሉ። ከዚያ አብረው ጎንደር ገቡ። ባሉጋኒ እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት ሄዷል፤ ብሩስ ግን በመጽሐፉ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጽፏል። የሮማውያንን ዐምድ ሲለካ የኖረው ያ እጅ ጎንደር ላይ ነው ያረፈው። እነዚህ ሥዕሎች እኛን አይመለከቱንም ለሚል ሰው ይህን አስታውሰዋለሁ።

ወደ ፒራኔዚ ልመለስ። ከፔስቱም ይዟቸው ከተመለሳቸው ትልልቅ ንድፎች አሥራ አምስቱ ዛሬ ለንደን በሰር ጆን ሶን ሙዚየም ይገኛሉ። ሌላ ጊዜ ጥቂት ጭረት የሚበቃው ሰው እዚህ ብርሃንና ጥላውን ሁሉ ጨርሶ ነው የሣለው፤ በሽታው እየበረታበት ስለነበር ሌላ እጅ ሊቀርጸው እንደሚችል ያወቀ ይመስለኛል። ከነዚያ የወጡት 20 ሰሌዳዎች ላይ እንደ ቀድሞው ሰማይ የሚነካ ማጋነን የለም። ዐምዶቹ ወፍራምና ከባድ ናቸው፤ ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ነው። እየተፈራረቁ እረኞች፣ ጎሾችና ላሞች በመካከላቸው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ከብቶች በዐምዶቹ ጥላ ተኝተዋል። ከግሪክ ምንም አልተማርንም ሲል የኖረው ሰው የግሪኮችን ድንጋይ ያለ አንዳች ስድብ፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ቀርጾታል።

ከሥር እንደ ልማዱ ማብራሪያ አለ፤ በዚህ ጊዜ በፈረንሳይኛ። ሰሌዳዎቹን የጨረሰው ፍራንቼስኮ ነው። አባትየው ኖቬምበር 9 ቀን 1778 ሮም ላይ አርፎ ነበር።